የሚመጣው ልጅ

በአዲስ አበባ «አማኑኤል ገባ» ሲባል ሰው ሁሉ የሚረዳው አንድ ነገር ነው፤ ሆስፒታሉን እንጂ ሰፈሩን ማንም አያስብም። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁት እዚያው ሰፈር፣ ከመርካቶ ግርግር ጥግ በመሆኑ፣ ነሐሴ በገባ ቁጥር ጎረቤቶቼ «ይኼ ሰው እንኳ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም» እያሉ ይሣለቁብኛል። ምክንያቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ታቦቱን ሳይሆን ክለቡን ማለቴ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እኔ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀምጬ አንድ ስም እጠብቃለሁ፤ በመጪው ዓመት ከተስፋ ቡድኑ ወደ ዋናው ቡድን የሚያድገውን ልጅ ስም። («ተስፋ ቡድን» የሚለውን ስም ያወጣውን ሰው እግዜር ይስጠው፤ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።)

ጎልማሳ ሰው ዓይቶት የማያውቀውን ልጅ ስም ለመስማት እንቅልፍ ያጣል ቢባል ለሌላው ተረት ይመስለዋል። ነገር ግን ደዌው የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታቸው ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማተር ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት አላቸው፤ በመነሻው ሐሳብ ባለፈው ዓመት የተዋረደው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል። ሲሸነፍ የከረመ ደጋፊ በዚያች ቀን ባለጸጋ ይሆናል ማለት ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ የተመረጠ አንድ ልጅ ነበር፤ የተመረጠውም የቡድኑ አሠልጣኝ የአባቱ ወዳጅ ስለነበረ፣ ለይሉኝታ ያህል ነው። ያ ልጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ከጨዋታው ታላላቆች ጋር በክብር ተመዘገበ። ስሙ ማይክ ፒያሳ ይባላል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የእኛም ክለብ የተወለደው ፒያሳ ነውና።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሥርዓት አልነበረም። ልጁ በሰፈር ሜዳ ይታያል፣ በሰው በሰው ይነገርለታል፤ ከዚያ ይጠራል፣ ወይም አይጠራም።

አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ክለቡን በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠርቱ የከተማይቱ ትልቅ ገበያም እዚያው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። ወራሪው ከተማይቱን በዘር ሊከፋፍል በማቀዱ፣ አራዳን ለራሱ አስቀርቶ የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። «መርካቶ» ያወረሰን ቃል ነው፤ ሙሉ ስሙ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የተወላጆች ገበያ ነበር። በኳሱም ሜዳ ጥቁርና ነጭ እንዲለያዩ ተደረገ። እንግዲህ የእኛ ሰፈር ሰው ለዚያ ክለብ ባዕድ አይደለም፤ ገበያውና ክለቡ ከአንድ ደጅ የተነሡ ናቸው፤ አንዱ ተገፍቶ ወደ እኛ መጣ፣ ሌላው እዚያው ቀረ።

በክለቡ ገና በለጋ ዕድሜው ከተሰለፉት አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር። ሥነ ጽሑፍ ወዳዱ አንባቢ አባቱን ሳያውቃቸው አይቀርም፤ ባለቅኔው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት። ልጅየው ከስንኝ ይልቅ ኳስ መረጠ። ዘግይቶ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1979 ዓ.ም. ድረስ መራ፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሠራው ሥራ መምረጡ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ እሱ ያሠለጠነው ብሔራዊ ቡድን ለሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ከግብፆች ጋር ተጋጠመ። አባቴ ስታዲየም ነበር። ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ፣ ቀጥሎም የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ፣ የኢታሎ ወንድም፣ ኢጣሊያዊ አባትና ኤርትራዊት እናት የወለዱት የአስመራ ልጅ ነው። አባቴ ይህን ሲያወራ ጎሎቹን ቶሎ አልፎ «መራጩን እይ!» ይል ነበር። «ማን ይሆን ብሎ አልጠየቀም፤ ይችላል ወይ ብሎ ነው የጠየቀው።»

ለዚህ ነው በ1980ዎቹ መጨረሻ ታናሽ ወንድሜን ለሙከራ ይዞት ሲሄድ ያን ያህል የታመነው። ክለቡን አልጠራውም። ልጁ ግራኝ ነበር፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅለታል። በሦስተኛው ቀን ስሞቹ በወረቀት ተጽፈው በሩ ላይ ተለጠፉ። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ደግሞ ከታች ወደ ላይ አነበበ። ከዚያ እስከ አማኑኤል በእግራችን ስንመጣ ማንም አልተናገረም። ወንድሜ ጫማውን ማሠሪያውን አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ነበር፤ ከዚያን ቀን በኋላ አላየሁትም።

አሁን ምናለሽ ተራ አሮጌ የብረት ዕቃ ይሸጣል። ኳስ ትቻለሁ ይላል፤ ስለ ጨዋታ ሲወራ ተነሥቶ ይወጣል። እኔም አልጎተጉተውም። ክለቤ ከዩጋንዳ ያስመጣው ሮበርት ኦዶንካራ ግባችንን ለዓመታት ጠብቆልናል፤ አመሰግነዋለሁ፤ ሲመጣ ግን እኔ አልጠበቅሁትም ነበር። የተገዛ ሰው የትናንት ሥራውን ይዞ ይመጣል። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ምንም ያልሠራው ነው።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማታ ወንድሜ ሱቁን ዘግቶ ሲመለስ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ጃንጥላውን አላጠፈም።

«ጋሼ፣ ስሙ መጣ?»

«መጣ» አልሁት፤ ነገርሁትም።

«ዕድሜው?»

«አሥራ ሰባት።»

ዝናቡን ጥቂት ተመለከተ። «ግራኝ ነው?» አለ፤ መልሴንም ሳይጠብቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።