ነባሪው ምርጫና ጠባቂው፦ የኡቡንቱ የኢሜይል ፕሮግራም ታሪክ

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 የወጣው ኡቡንቱ 11.10 ለዓመታት ነባሪ የኢሜይል ፕሮግራሙ የነበረውን ኢቮሉሽን በተንደርበርድ ተካ። ለሚያይ ተጠቃሚ ነገሩ የአንድ ምልክት መለወጥ ነበር። ለዓይነ ስውሩ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚያገኘው ፕሮግራም ደብዳቤውን በድምፅ ያሰማዋል ወይስ ዝም ይለዋል?

ኦርካ የተባለው ስክሪን ሪደር መስኮቱን እንደ ሥዕል አያየውም። ይህ አዝራር፣ ያ የመልእክት ዝርዝር መሆኑን ራሱ ፕሮግራሙ ሊነግረው ይገባል። ኢቮሉሽን የሚናገረው በጂኖም የጋራ መሣሪያዎች በኩል ሲሆን፣ ተንደርበርድ ግን ከፋየርፎክስ ጋር በሚጋራው ጌኮ በኩል ነው። ስለዚህ ነባሪውን መለወጥ ዓይነ ስውሩ የሚተማመንበትን ድልድይ መለወጥ ነበር።

ድልድዩ በበጎ ፈቃድ ብቻ አልተሠራም። በ1998 የተሻሻለው የአሜሪካ የተሃድሶ ሕግ አንቀጽ 508 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚገዙት ቴክኖሎጂ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆን አስገደደ። ለመንግሥት ኮምፒውተር የሚሸጠው ሰን ማይክሮሲስተምስም ለዚሁ ሥራ ባለሙያዎች መደበ፤ ኦርካም በዚያ ጎልብቶ በ2006 የጂኖም አካል ሆነ። በጥር 2010 ኦራክል ሰንን ሲጠቀልል ቡድኑ ተመናመነ፤ የኦርካ መሪነትም በጆአንሜሪ ዲግስ ትከሻ ላይ ወደቀ። በዚያው ወቅት ጂኖም 3 የተደራሽነት መገናኛውን ከኮርባ ወደ ዲ-ባስ እያዛወረ ነበር። የኡቡንቱ ውሳኔ የመጣው እንግዲህ ድልድዩ እየታደሰ፣ አናጺዎቹ ግን እያነሱ በነበረበት ሰዓት ነው።

«ያልተመቸው ሌላ ይጫን» የሚለው ክርክር ነጻ ሶፍትዌርን የሚያስመሰግን ይመስላል። ነገር ግን አሠልጣኝ የሚያስተምረው፣ መሥሪያ ቤት የሚያድለው፣ ስሕተቱም ቶሎ የሚታረመው በአብዛኛው ነባሪው ነው። ሌላውን የመረጠ ሰው ሸክሙን ብቻውን ይሸከማል።

ዓመት ሳይሞላ፣ በሐምሌ 2012፣ ሞዚላ የተንደርበርድን ዕድገት በአመዛኙ ለበጎ ፈቃደኞች እንደሚተው አስታወቀ። ዛሬ ተደራሽ የሆነው ነገም እንዲሁ እንዲሆን ዋስትና የሚሰጠው ጠባቂውና በጀቱ እንጂ የምርጫው ዕለት አይደለም።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 የመረጃ ቴክኖሎጂን ተደራሽነት ይጠይቃል። የኦርካ ታሪክ እንደሚያሳየው እንዲህ ያለው ቃል ሥጋ የሚለብሰው በግዥ ደንብ ውስጥ ሲገባ ነው። ሻጩን ባለሙያ እንዲቀጥር የሚያስገድደው ገዢው ነውና።