ከአሸዋ ሥር የወጣች መኪና

ሸራ ለብሳ፣ በአራት ድንጋይ ላይ ቆማ ባለቤቷን የምትጠብቅ አሮጌ ቮልስ ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ባለቤቷን ብትጠይቁት «ለከርሞ አስነሣታለሁ» ይላችኋል፤ ከርሞም ያንኑ ይላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያችን እንዲህ ያለውን ሰው ብዙ አይረዳውም፤ ተረቱን የተረተው ከእንቁላሉ ውጭ ያለ ሰው ነውና። የጀመሩትን አሮጌ መኪና እኩል መንገድ ላይ ሳይተዉ ለመጨረስ ጉልበቱ ከወዴት ይመጣል? ይህን ባሰብሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ባብስ የተባለች የብሪታንያ መኪና ናት። (ዘመኑን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ባብስን መጀመሪያ ያሠራት ካውንት ሉዊ ዝቦሮውስኪ ነው፤ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ቻሲስ ላይ መጫን የሚወድ ባለጠጋ። «ቺቲ ባንግ ባንግ» የሚላቸው መኪኖቹ ለጄምስ ቦንድ ደራሲ ለኢያን ፍሌሚንግ የልጆች መጽሐፍ ስም ሆነዋል፤ መጽሐፉ የታተመው ፍሌሚንግ በሞተበት በ1964 ነው። ለዚህችኛዋ መኪና ባለ12 ሲሊንደር፣ የ27 ሊትር የሊበርቲ አውሮፕላን ሞተር ተገጠመላት። ዝቦሮውስኪ ግን በ1924 ጣሊያን ውስጥ፣ ሞንዛ ላይ ሲወዳደር ሞተ።

መኪናዋን በ125 ፓውንድ የገዛት ፓሪ ቶማስ የተባለ የዌልስ ተወላጅ መሐንዲስ ነበር። አሻሻላት፤ ባብስ ብሎም ሰየማት። በኤፕሪል 1926 በደቡብ ዌልስ በፔንዲን የባሕር ዳርቻ፣ በአሸዋው ላይ በሰዓት 275 ኪሎ ሜትር ነድቶ የዓለምን የየብስ ፍጥነት ክብረ ወሰን ያዘ። በፌብሩዋሪ 1927 ማልኮልም ካምቤል እዚያው አሸዋ ላይ ነጠቀው። ቶማስ ክብሩን ለማስመለስ ማርች 3 ቀን ተመልሶ መጣ፤ ባብስ በምትከንፍበት ቅጽበት ተገለበጠች፣ እርሱም ሞተ። ፈረሰኛው ሲሞት ፈረሱን አብሮ እንደ መቅበር፣ መኪናዋን እዚያው ዳርቻ ጕድጓድ ምሰው በአሸዋ ውስጥ ቀበሯት።

አርባ ሁለት ዓመት ተኛች።

በ1969 ኦወን ዊን ኦወን የተባለ የባንጎር ቴክኒክ ኮሌጅ የምሕንድስና መምህር ፈቃድ አግኝቶ አስቆፈራት። ቀላል ነገር አልነበረም፤ ስፍራው የመከላከያ ይዞታ ነበር፤ ከዚያም በላይ ነገሩ መቃብር እንደ መክፈት ነው። እኔ ራሴ ፈቃጅ ብሆን ኖሮ ምን እንደምወስን እርግጠኛ አይደለሁም።

የወጣው ግን መኪና ለማለት የሚያስቸግር ነበር፤ የተጣመመ ቻሲስ፣ ጨው የበላው ላሜራ፣ አሸዋ የጠጣ ሞተር። እዚህ ላይ ስለ ብረት ጠባይ አንድ ነገር ማወቅ ያሻል። በእርጥብ አሸዋ ሥር አየር እንደ ልብ ስለማይደርስ ዝገት ይዘገያል፤ ጨው የጠጣ ብረት ወጥቶ አየር ሲያገኘው ግን ዝገቱ ይፋጠናል። ቢተዋት ኖሮ በአሸዋው ውስጥ ትቆይ ከነበረው ባጠረ ጊዜ ውስጥ ታልቅ ነበር ማለት ነው። የተጀመረ ሥራ ካልተጀመረ ሥራ የሚለየው በዚህ ይመስለኛል። ያልነኩት ነገር እንዳለ ይቆያል፤ የነኩት ግን ወይ ይድናል ወይ ከቀድሞው ይብሳል። ሸራ የለበሰችው ቮልስም ዝም ብላ የቆመች ትመስላለች እንጂ፣ ሞተሯ ከወረደ ቀን ጀምሮ በየክረምቱ እየሞተች ነው።

ኦወን ወደ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሠራባት። ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ «መኪና» መሥራት የሚችል ሰው የለም፤ አንድ ቡሎን መፍታት፣ አንድ ፒስተን ማጠብ፣ አንድ የጎደለ መለዋወጫ መፈለግ ግን ይቻላል። አንድ ነገር አግዞታል፤ አሜሪካኖች የሊበርቲን ሞተር ከ20 ሺህ በላይ ስለ ሠሩት ዘመዶቹ በዓለም ላይ ተበትነው ይገኙ ነበር። የቀድሞ ክፍሎች በእጃቸው የነበሩ ሰዎችም ተባበሩት። ባብስ በመጨረሻ በራሷ ሞተር ተንቀሳቀሰች፤ ዛሬም በዓመቱ የተወሰነ ጊዜ እዚያው በፔንዲን ሙዚየም ትታያለች።

ለረጅም ዘመን የቶማስ አሟሟት ሲተረክ፣ ሞተሩን ከኋላ ጎማ ጋር የሚያገናኘው ካቴና ተበጥሶ ራሱን እንደ መታው ይነገር ነበር። ወሬው በመኪናዋ አሠራር፣ በእርሱም መሐንዲስነት ላይ ያረፈ ፍርድ ነበር። ብረቱ ከአሸዋ ወጥቶ ከታየ ወዲህ ግን አስቀድሞ የተሰበረው የኋላው የቀኝ ቸርኬ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ግምት ሚዛን ደፍቷል።