ኦክታቪያ በትለር

ኦክታቪያ ኤስቴል በትለር (ሰኔ 15 ቀን 1939 – የካቲት 17 ቀን 1998 ዓ.ም.፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከጁን 22 ቀን 1947 እስከ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2006) አሜሪካዊት የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲ ነበረች። 12 ረጃጅም ልብ ወለዶችና አንድ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል አሳትማለች። በዘመኗ በዚህ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ጥቁር ሴት ደራሲ ማግኘት እጅግ ብርቅ ነበር። ድርሰትን እንደ እጅ ሥራ ቀስ በቀስ ተምራ፣ ለዓመታት በቀን ሥራ እየኖረች፣ በመጨረሻ በብዕሯ ብቻ የተዳደረች በመሆኗ ሕይወቷ ደራሲ መሆን ለሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

በትለር የተወለደችው በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በፓሳዲና ከተማ ነው። አባቷ ሊስትሮ ነበር፤ እርሷ ገና ልጅ ሳለች ስለሞተ በእናቷና በአያቷ እጅ አደገች። እናቷ በሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ትንሿ ኦክታቪያ አንዳንድ ጊዜ አብራ ትሄድ ስለነበር እናቷ በጓሮ በር ሲገቡና አሠሪዎቹ እርሳቸው እንደሌሉ ቆጥረው ሲነጋገሩ አይታለች። ይህ ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ በዋናው መጽሐፏ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

ቁመቷ ከእኩዮቿ በጣም የረዘመ፣ ዓይን አፋር ልጅ ነበረች። የንባብ ችግር (ዲስሌክሲያ) ስለነበረባት በትምህርት ቤት እንደ ሰነፍ ትታይ ነበር። ይሁን እንጂ ቀስ ብላም ቢሆን አንባቢ ነበረች፤ ብዙ ጊዜዋንም በፓሳዲና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ታሳልፍ ነበር። በ10 ዓመቷ እናቷን ለምና የጽሕፈት መኪና አስገዛች፤ ለቤት ሠራተኛ ደመወዝ ቀላል ወጪ አልነበረም።

በ12 ዓመቷ አንድ የእንግሊዝ ፊልም በቴሌቪዥን አየች። በ1954 የተሠራው ይህ ፊልም ከማርስ ወንድ ፍለጋ ስለመጣች ሴት የሚተርክ ሲሆን እንደ ፊልም ደካማ ነው። በትለር በኋላ እንደተናገረችው፣ በዚያች ሰዓት ከዚህ የተሻለ ታሪክ መጻፍ እንደሚቻልና ለዚህ ደካማ ታሪክም ገንዘብ የተከፈለው ሰው እንዳለ ገባት። ቴሌቪዥኑን አጥፍታ የጀመረችው ታሪክ ከብዙ ለውጥ በኋላ የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍቷ መሠረት ሆኗል።

ደራሲ እሆናለሁ ብላ ለአክስቷ ስትነግር ጥቁር ሰው ደራሲ ሊሆን እንደማይችል ተነገራት። አክስቷ ክፉ አስበው አልነበረም፤ በትለር ራሷም እስከዚያ ጊዜ ጥቁር ሰው የጻፈው መጽሐፍ አንብባ አታውቅም ነበር።

ሙያውን መማር

በ13 ዓመቷ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ጥሎት የሄደ የደራስያን መጽሔት አገኘች። ታሪክ ለአሳታሚ እንዴት እንደሚላክ ያወቀችው ከዚያ ነው። የሳይንስ መምህሯ የመጀመሪያ ታሪኳን በንጹሕ አስተይቦላት ለመጽሔት ላከችው፤ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የተመለሱት እጅግ ብዙ ናቸው።

በዚያ ጊዜ አካባቢ አንድ ራሱን የደራሲ ወኪል አድርጎ ያቀረበ ሰው ጽሑፏን ለማንበብ ብቻ 61 ዶላር ከ20 ሳንቲም ጠየቀ። እናቷ ከአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚበልጠውን ይህን ገንዘብ ከፈሉ፤ የተገኘ ነገር ግን አልነበረም። ደንበኛ ወኪል የሚከፈለው መጽሐፉ ሲሸጥ ከደራሲው ገቢ ላይ በመቶኛ ነው፤ አስቀድሞ የማንበቢያ ክፍያ የሚጠይቅ ወኪል ዛሬም ቢሆን ሊሸሹት ይገባል።

በትለር ቀን እየሠራች ማታ በፓሳዲና ከተማ ኮሌጅ ተማረች። እዚያም በአጭር ልብ ወለድ ውድድር አሸንፋ 15 ዶላር ተሸለመች፤ በጽሑፍ ያገኘችው የመጀመሪያ ገንዘብ ይህ ነው። በ1968 ከኮሌጁ ከተመረቀች በኋላ በሌሎች ተቋማት የድርሰት ትምህርቶችን እየመረጠች ወሰደች። ይሁን እንጂ መምህራኑም ተማሪዎቹም የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፍላጎት ስላልነበራቸው አስተያየታቸው ብዙ አልጠቀማትም።

ለውጡ የመጣው የፊልም ጸሐፍት ማኅበር ለአነስተኛ ማኅበረሰብ አባላት በሎስ አንጀለስ ባዘጋጀው ነጻ ሥልጠና ነው። እዚያ ያስተምር የነበረው ታዋቂው ደራሲ ሃርላን ኤሊሰን ወደ ክላሪዮን የድርሰት ወርክሾፕ እንድትሄድ ገፋፋት። ክላሪዮን በ1968 በፔንስልቬኒያ የተጀመረ፣ ለስድስት ሳምንት የሚቆይና ተማሪዎች አንድ ላይ እየኖሩ የሚጽፉበት ሥልጠና ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ተማሪ የጻፈውን ታሪክ ሁሉም አስቀድመው ያነባሉ፤ ከዚያም ክብ ሠርተው ተቀምጠው በየተራ ይተቻሉ። ጸሐፊው ሁሉም እስኪጨርሱ ድረስ አፉን ከፍቶ ራሱን መከላከል አይችልም። ዘዴው ለአንዳንዱ ይከብዳል፤ ነገር ግን ታሪኩ በአንባቢ አእምሮ ውስጥ የት ላይ እንደተሰበረ በአንድ ቀን ያሳያል። ከመምህራኑ መካከል ጥቁሩ ደራሲ ሳሙኤል ዲሌኒ ይገኝበት ነበር።

በትለር በ1970 ክላሪዮንን ስትጨርስ ሁለት ታሪኮች ሸጣ ነበር። አንዱ በ1971 በክላሪዮን መድበል ታተመ። ሁለተኛውን ኤሊሰን ለሚያዘጋጀው መድበል ገዛው፤ መድበሉ ግን በእርሷ ዕድሜ ሳይወጣ ቀረ፤ ታሪኩም የታተመው ከሞተች በኋላ በ2014 ነው።

አምስቱ ባዶ ዓመታት

መንገዱ የተከፈተ መስሏት ነበር። ሆኖም ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት አንዲት ቃል እንኳ አልሸጠችም። በዚህ ጊዜ ሳህን አጥባለች፣ በስልክ ዕቃ ሸጣለች፣ በፋብሪካ የድንች ቺፕስ እየመረመረች የተበላሸውን ለይታለች። አእምሮዋን የሚይዝ የቢሮ ሥራ ይልቅ ጉልበት ብቻ የሚጠይቀውን መረጠች፤ በሥራ ሰዓት ስለ ታሪኮቿ ማሰብ ትችል ነበርና። ከሌሊቱ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ ትጽፋለች፤ ከዚያ ወደ ሥራ ትሄዳለች።

ከስልክ ሽያጭ ሥራዋ በተቀነሰች ጊዜ ረጅም ልብ ወለድ ለመጨረስ ቆርጣ ተነሣች። ውጤቱ በ1976 በደብልዴይ አሳታሚነት የወጣው «ፓተርንማስተር» ነው። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ሁለት መጻሕፍት ተከተሉት። በአሜሪካ አሳታሚ ለደራሲ ከሽያጩ ድርሻ ላይ የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፤ ለአዲስ ደራሲ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ከአጭር ልብ ወለድ ክፍያ በብዙ ይሻላል። በትለር በ1978 ገደማ ጊዜያዊ ሥራዎችን ትታ በጽሑፍ ብቻ መኖር ጀመረች።

ይህ ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። በ1978 የታተመውን «ሰርቫይቨር» የተባለ ሦስተኛ መጽሐፏን ለአሳታሚ የሰጠችው ለሚቀጥለው ሥራዋ የጉዞ ገንዘብ ስላስፈለጋት ነበር። በኋላ አፈረችበት፤ በሕይወት እስካለችም ድረስ ዳግም እንዳይታተም ከለከለች።

ኪንድሬድ

የጉዞው ምክንያት በ1979 የወጣው «ኪንድሬድ» (የሥጋ ዘመድ) ነው። መነሻው አንድ የኮሌጅ ጓደኛዋ በባርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ አንገታቸውን ደፍተው ስለኖሩት ጥቁር ወላጆች በንቀት ሲናገር መስማቷ ነበር። በጓሮ በር የሚገቡት እናቷ ትዝ አሏት፤ አንገት መድፋት ልጅን አብልቶ ማሳደጊያ እንደነበር በታሪክ ለማሳየት ፈለገች።

ባለ ታሪኳ ዴና በ1976 በሎስ አንጀለስ የምትኖር፣ በቀን ሥራ እየተዳደረች የምትጽፍ ጥቁር ሴት ናት። ሳታስበው ወደ 19ኛው መቶ ዘመን ሜሪላንድ ትወሰዳለች። እዚያ ደጋግማ ከሞት ማዳን ያለባት ነጭ ባሪያ አሳዳሪ የራሷ ቅድመ አያት ነው፤ እርሱ ልጅ ሳይወልድ ከሞተ እርሷም አትወለድም። የጊዜ ጉዞው በምን ዘዴ እንደሚሠራ በመጽሐፉ ውስጥ አይገለጽም፤ ስለዚህ በትለር ራሷ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ብላ አትጠራውም ነበር።

ለጥናቱ በአውቶቡስ አገር አቋርጣ ሜሪላንድ ሄደች። በዚያ ባሉ ቤተ መጻሕፍት የቀድሞ ባሪያዎችን የሕይወት ታሪክ አነበበች፤ ፍሬድሪክ ዳግላስ የተወለደበትን የታልበት አውራጃንም ተመለከተች። ብዙ አሳታሚዎች በየትኛው መደርደሪያ እንደሚያኖሩት ስላላወቁ መጽሐፉን መልሰውት ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው የሚነበበው ሥራዋ ይህ ነው።

የሥራ ልማድ

በትለር መኪና አትነዳም ነበር፤ አውቶቡስ ግን ታሪክ ሰጥቷታል። በ1984 የሂዩጎ ሽልማት ያገኘችበት አጭር ልብ ወለድ የተፀነሰው አውቶቡስ ውስጥ ካየችው ጠብ ነው።

ለጀማሪዎች በጻፈችው ምክር ተመስጦን መጠበቅ እንደማያዋጣ፣ የየዕለት ልማድ ግን ተመስጦ በጠፋበት ቀን እንኳ ሥራውን እንደሚያስቀጥል ታስረዳለች። ስለ ተሰጥኦም ያላት አስተያየት ተመሳሳይ ነው፦ ተሰጥኦ ካለ መልካም፤ ከሌለ ግን ለመማር ፈቃደኛ መሆን ይበልጣል። ምክሩ ቀላል ይመስላል፤ ከላይ የተጠቀሱትን አምስት ዓመታት ያሰበ ሰው ግን ክብደቱ ይገባዋል።

ሙሉ ጊዜ ደራሲ መሆኗ ሀብታም አላደረጋትም። ማስታወሻ ደብተሮቿ ከታሪክ ረቂቅ ጎን ለጎን የገንዘብ ስሌትና ለራሷ የጻፈቻቸው ማበረታቻዎች ይገኙባቸዋል። እውነተኛው እፎይታ የመጣው በ1995 የማክአርተር ሽልማትን ስታገኝ ነው፤ በአምስት ዓመት የሚከፈል 295,000 ዶላር ነበር። ሽልማቱን ያገኘች የመጀመሪያዋ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲም እርሷ ናት።

«የዘሪው ምሳሌ» የተባለው የ1993 መጽሐፏ የሚጀምረው በ2024 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ውሃ የተወደደበት፣ ሰዎች በግንብ አጥር ውስጥ የሚኖሩበት አገር ይታያል። ተከታዩ ኔቡላ የተባለውን ሽልማት አግኝቷል። ሦስተኛ ክፍል ለመጻፍ ደጋግማ ጀምራ ሳትጨርሰው ቀረች።

ከሞት በኋላ

በ1999 ወደ ዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ተዛውራ የነበረችው በትለር በ2006 ከቤቷ ደጅ ወድቃ በ58 ዓመቷ አረፈች። ከ8,000 በላይ የሚሆኑ ጽሑፎቿ፣ ደብዳቤዎቿና ማስታወሻዎቿ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በማስታወሻዋ ደጋግማ ትመኘው የነበረው የኒው ዮርክ ታይምስ ከፍተኛ ሽያጭ ዝርዝር ውስጥ «የዘሪው ምሳሌ» የገባው በ2020፣ ከሞተች ከ14 ዓመት በኋላ ነው። በ2021 ናሳ ፐርሲቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ በማርስ ላይ ያረፈችበትን ቦታ በስሟ ሰየመ። በስሟ የተቋቋመው የትምህርት ድጋፍ ደግሞ ነጭ ያልሆኑ ጀማሪ ጸሐፍት በክላሪዮን ወርክሾፖች እንዲማሩ ወጪያቸውን ይሸፍናል።