የሙን መስቀል

ወደ አየርላንድ አገር የሚሄድ መንገደኛ ስመ ጥር የሆኑትን ሥፍራዎች አይቶ ይመለሳል፤ በኪልዴር አውራጃ ያለችውን ሙን የምትባለውን ትንሽ መንደር ግን ብዙው አልፎዋት ይሄዳል። በዚያች መንደር፥ በፈረሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፥ በ9ኛው መቶ ዓመት ግድም ከጽኑ ድንጋይ የተቀረጸ ረዥምና ቀጭን መስቀል ቆሟል። ተሰባብሮ በምድር ተቀብሮ ኖሮ በ19ኛው መቶ ዓመት ተገኝቶ እንደ ገና ተተከለ።

የመስቀሉ እግር እንደ መጽሐፍ ይነበባል። ዳንኤል በ7 አንበሶች መካከል፥ ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት ውስጥ፥ 12ቱ ሐዋርያትም በ3 ረድፍ ቆመው ይታያሉ። በአንዱ ወገን ደግሞ አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ ቁራ ያመጣላቸውን እንጀራ ሲካፈሉ ተቀርጸዋል። የኢትዮጵያ ስንክሳር በየካቲት 2 ቀን የሚያስበው አባ ጳውሊ ይኸው ነው።

ሁለቱም የግብፅ በረሃ ሰዎች ናቸው፤ አየርላንድን በዓይናቸው አላዩም። አትናቴዎስና ሄሮኒሞስ የጻፉት ገድላቸው ግን በላቲን ቋንቋ ባሕር ተሻግሮ ደረሰ። በ2006 ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር በቲፐረሪ አውራጃ ረግረግ ሲቆፈር በ800 ዓመት ግድም የተጻፈ መዝሙረ ዳዊት ተገኘ፤ ከቆዳ ሽፋኑ ውስጥም ደንገል ተለጥፎ ነበር። ዛሬ በደብሊን ቤተ መዘክር ይገኛል።

ይህ የግብፅ መነኮሳት ራሳቸው ወደዚያ ለመሄዳቸው ምስክር አይሆንም። ዜና አበው ግን እግር ያልረገጠውን ምድር እንደሚደርስ የሙን ድንጋይ ይመሰክራል። ስለዚህ መንገደኛው በሙን ሲያልፍ ጥቂት ይቁም፤ የአንድ እንጀራ ታሪክ ከበረሃ ወደ ዝናም አገር የደረሰበትን ያያልና።