እንሰትና ወቅቱን ያልጠበቀ አየር በማሻ፤ ከክፉ ቀን እስከ 1977 ዓ.ም.

የአገራችን የረሃብ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ዝናብ ስለ ጠፋበት አገር ነው። ወሎ፣ ትግራይ፣ ላስታና ሐረርጌ በተደጋጋሚ ይነሣሉ። ዝናብ የሚበዛበት አገርስ የአየር መዛባትን እንዴት ቻለው? የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አልተጠየቀም። ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በማሻና በአካባቢው ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ማሻ በቀድሞው ኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት የሞቻ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ በሸካ ዞን፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ላይ ስትሆን በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ በጋ ይባል እንጂ ያኔም ቢሆን ምድሩ ጨርሶ አይደርቅም። ስለዚህ ለማሻ ገበሬ ክፉ አየር ማለት በአብዛኛው ፀሐይ በቀጠሮዋ አለመድረሷ ነው። በቆሎው በአገዳው ላይ እንዳለ ይሻግታል፤ አበባው በዝናብ ይረግፋል፤ ንቡም ከቀፎው ሳይወጣ ይሰነብታል። በጫካው ውስጥ ቀፎ ለመስቀያ የሚያዘው፣ ቆቦ የሚባለው ይዞታ የቤተሰብ ሀብት በመሆኑ የማር መጥፋት በማሻ ቀላል ጉዳት አይደለም። ቢሆንም ማር ቢጠፋ ገበያ ይቀራል እንጂ እራት አይቀርም። እራቱ ያለው በቤቱ ዙሪያ ባለው እንሰት ውስጥ ነው።

እንሰት ከተተከለ በኋላ ለመድረስ እንደ አገሩ ከፍታ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል፤ በዚህ መካከል ደጋግሞ ተነቅሎ ይዛወራል። የሚቆረጥበት የተወሰነ ወር የለውም። ጤፍ የሚዘራ ሰው ሐምሌ ከጠፋበት ዓመቱ ጠፋበት ማለት ነው፤ እንሰት ያለው ሰው ግን ሐምሌ ቢከፋ የሚቆርጠው የዛሬ አምስት ዓመት የተከለውን ነው። ሴቶች ግንዱን ፍቀው፣ ሥሩንም ቀጥቅጠው በቅጠሉ ጠቅልለው በጉድጓድ ይቀብሩታል። ቆጮው በዚያ ቦክቶ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። እንግዲህ የማሻ ሰው ለአየር መዛባት ያዘጋጀው መድኅን አስቀድሞ የፈሰሰ የብዙ ዓመት ጉልበት ነው ማለት ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ከዚህ ይነሣል፤ ጉልበቱና ሰውየው በቦታቸው እስካሉ ድረስ መድኅኑ ሰማይን ይችላል፤ ሰው ከቦታው ሲነቀል ግን ይፈርሳል።

በሰሜንና በመካከለኛው አገር ክፉ ቀን ተብሎ የቀረው ረሃብ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በ1880 ዓ.ም. ኢጣልያኖች ለሠራዊታቸው በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር የከብት ደስታ በሽታ ገባ። ተከትሎም ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች መጣ። ረሃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ። ሪቻርድ ፓንክረስት የሰበሰቧቸው የዘመኑ ምስክርነቶች እንደሚያሳዩት ገበሬውን ከሁሉ በላይ የጎዳው የበሬ ማለቅ ነው፤ ዝናቡ ሲመለስ እንኳ የሚያርስበት አጥቷልና። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሰዉ አርአያ መሆናቸው ከዚህ የተነሣ ነው። በእንሰት አገር ግን መሬቱ ቀድሞውንም በዶማ ይቆፈራል። ይህ ማለት ከብት አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ እንሰት ያለ ፍግ ይመነምናል። ልዩነቱ በጊዜው ላይ ነው። በሬ ሲያልቅ ጤፉ በዚያው ዓመት ይጠፋል፤ ላም ስታልቅ እንሰቱ የሚደክመው ቀስ በቀስ ነው። ያችን መካከለኛ ጊዜ ያገኘ ሕዝብ ከብቱን እንደገና ለማርባት ፋታ ይኖረዋል።

ፋታውን የሚያሳጣው ሌላ ነገር ነው። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በከፋ ላይ ዘመቱ፤ የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተያዙ። የሸካ መንግሥት ደግሞ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ከጎሬ በዘመቱት በደጃዝማች ተሰማ ናደው እጅ ወደቀ። (የሚገርመው፣ የደጃዝማች ተሰማ ሠራዊት በዚያው በ1890 ዓ.ም. በባሮና በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ወርዶ ሳለ ከወባውና ከስንቅ እጦቱ ብዛት በወንዙ ዳር ሊቆይ አልቻለም፤ የሚጠብቁት የፈረንሳዩ ማርሻንም ፋሾዳ የደረሰው እነርሱ ከተመለሱ በኋላ ነው። ሰማዩ ያሸነፈው ደገኛውን ወታደር ነበር።) ከዘመቻው በኋላ ገባሩ ለመልከኛው እህልና ማር ከማግባቱ ሌላ ጉልበቱንም እንዲሰጥ ተገደደ። ከሁሉ የከፋው የባሪያ ፈንጋይ ነበር። ከማሻ በስተደቡብ ራቅ ብላ በምትገኘው በማጂ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰን በ1910ዎቹ ስለ ተራቆቱት መንደሮች ጽፏል። ጊሚራና ከፋም ከዚህ አላመለጡም። በዚያ ዘመን መንደር የጠፋው ዝናብ ስለ ዘገየ አልነበረም። ለአምስት ዓመት የተተከለ እንሰት ተካዩ ሲወሰድ ለአሳማና ለጦጣ ይቀራል፤ ያመለጠውም ጫካ ሲገባ ተሸክሞት አይሄድም። እህል በአቁማዳ ይጫናል፤ የእንሰት ጓሮ ግን አይጫንም። እንደ እኔ አስተያየት የደቡብ ምዕራቡን የሕዝብ ቁጥር መቀነስ ለመረዳት የሚሻ ሰው ከዝናብ መለኪያው ይልቅ ይህን ቢመረምር ይሻለዋል።

የመነቀሉ ነገር በ1977 ዓ.ም. በሌላ መልክ ተመለሰ። የደርግ መንግሥት ድርቅ ከመታቸው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰው በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ወለጋ፣ ጋምቤላና መተከል በካሚዮንና በሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላን አጓጓዘ። የመጣው ገበሬ ስለ ክፉ አየር የማያውቅ ሰው አልነበረም። ነገር ግን እውቀቱ ዝናብ ለሚያንስበት አገር የተበጀ ነው። ለምሳሌ በብዙ ደረቅ ቆላ እህል ከመሬት በታች በጉድጓድ ይከተታል፤ ደረቁ አፈር ከነቀዝም ከሌባም ይጠብቀዋል። ይኸው ጉድጓድ በኢሉባቦር እርጥብ መሬት ውስጥ እህሉን ያሻግታል። ቆጮ ግን የሚቦካውና የሚቆየው በዚያው እርጥበት ነው። የአገሩ ሰው በቆሎውን ከምድጃው በላይ በቆጥ ላይ አስቀምጦ በጭስ የሚያደርቀውም በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው እውቀት በአንቶኖቭ ተጭኖ የሚመጣ አይደለም፤ እንሰት ቢተክሉ እንኳ የመጀመሪያው እራት ከአራት ዓመት በፊት አይደርስም። ሰፋሪው በቶሎ የሚደርስለትን በቆሎ ለመዝራት ጫካ መመንጠሩ ሊያስገርመን አይገባም።

እርግጥ ነው፣ እንሰትም የራሱ ጠላት አለው። ውርጭ ይጎዳዋል። ከዚያ ይልቅ የሚያስፈራው ቅጠሉን አጠውልጎ ተክሉን የሚገድለው የባክቴሪያ በሽታ ነው። ይህን በሽታ በ1960 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መጽሔት የገለጹት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉት ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ የታየውም በዚያው በከፋ ነው። በሽታው የታመመውን ተክል በቆረጠ ቢላ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ይዛመታል። ስለዚህ የግብርና ሠራተኞች የሚሰጡት ምክር የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላውንም ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከማሳለፍ በፊት በእሳት መለብለብ ነው። ቢላ በውሰት በሚዞርበት፣ ፍቂያውም በጋራ በሚሠራበት መንደር ይህ በየቀኑ መታሰብ ያለበት ሥራ ነው፤ የሚያስታውሱትም ከወንዶቹ ይልቅ ፋቂዎቹ ሴቶች ናቸው።