ነጎድጓድ የሚጠናው ለማን ነው?

በሀብሩ ወረዳ፣ በግራና ሜዳ ላይ ያለ ገበሬ ሰማይ ሰማይ ሲያይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ተራራው ላይ የተከመረው ደመና እኔ ማሳ ይደርሳል ወይስ እዚያው ወርዶ ያልቃል? የወሎ ዝናብ እኮ እንደ ጋቢ ለሁሉ እኩል የሚዘረጋ አይደለም። አንዱን ሸንተረር አጥቦ የሌላውን አቧራ እንኳ ሳያርስ ያልፋል። ሳይንስ ይህንኑ ጥያቄ ለመያዝ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል፤ ሲይዘውም ለገበሬው ብሎ አልነበረም።

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የአየር ጠባይ ሊቃውንት የሚያዩት ሁለት ነገር ነበር፤ ወይ በሺህ ኪሎ ሜትር የሚለካውን ታላቅ የአየር ሥርዓት በካርታ ላይ፣ ወይ አንዱን ደመና በዓይናቸው። በመካከል ያለው፣ ከጥቂት እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ማዕበል፣ በጣቢያና በጣቢያ መካከል ሾልኮ ያመልጥ ነበር። መረቡ ሰፊ፣ ዓሣው ትንሽ! የጠላት አውሮፕላን ለማየት የተሠራው ራዳር ዝናብንም ማሳየቱ ግን ነገሩን ለወጠው። እ.ኤ.አ. በ1946 በፍሎሪዳ፣ በ1947 በኦሃዮ አሜሪካኖች ሆን ብለው አውሮፕላን በነጎድጓድ ደመና ውስጥ አሳለፉ። ሆራስ ባየርስና ሮስኮ ብራሃም ደመናው እንደሚወለድ፣ እንደሚጎለምስና ራሱ ባወረደው ቀዝቃዛ አየር ታፍኖ እንደሚሞት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1951 ማይረን ሊግዳ ለዚህ መካከለኛ መጠን «ሜሶ» የሚል ስም አወጣለት።

ይህ ሁሉ ድካም ለማን ነበር? በነጎድጓድ መካከል ለሚበረው አብራሪ ነበር። በኛም አገር ቢሆን ሚቲዎሮሎጂ ያደገው በሲቪል አቪዬሽን ጉያ ነው፤ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት የሆነው በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም. ነው።

እስቲ የ1966 ዓ.ም.ን ክረምት እናስታውስ። በዚያ ክረምት 40 ያህል መርከቦችና ከ10 የበለጡ አውሮፕላኖች፣ ማዕከላቸውን ዳካር አድርገው፣ በአትላንቲክ ላይ የሐሩር አገር ማዕበልን ያጠኑ ነበር። ከአፍሪካ ምድር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው የአየር ሞገድም አንዱ ጉዳያቸው ነበር። በዚያው ወራት ደግሞ የወሎ ሕዝብ ከረሃቡ ገና አላገገመም። ረሃቡን ያከፋው የዝናብ መጥፋት ብቻ አይደለም፣ መሸሸጉም ጭምር ነው እንጂ። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ፎቶግራፍ ይዘው መጥተው ለተማሪው ባሳዩ ጊዜ መንግሥት ወሬው እንዲሰማ አልፈለገም። ዓለም ደመናችንን ከባሕር ላይ ሲጠብቅ፣ ከደመናው ሥር ያለውን ሰው ያየው ጥቂት ነበር።

ይህ አባባል የተጋነነ ይመስላልን? እንግዲያው ሌላ ማስረጃ ይጨመር። በሐምሌ 1992 ዓ.ም. አልቤርቶ የተባለ አውሎ ነፋስ በአትላንቲክ ላይ ተነሥቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ክሪስቶፈር ሂልና ዩህላንግ ሊን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት ጥንስሱን ወደ ኋላ ሲከተሉ የደረሱት የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ነው! በተራራችን ላይ የተሰባሰበ ነጎድጓድ አህጉር አቋርጦ ባሕር ገብቷል። ዱካው ከባሕር ተነሥቶ ወደኛ ተፈለገ እንጂ ከኛ ተነሥቶ አልተጀመረም።

ዛሬ ኮምፒዩተር ሰማዩን ጥቂት ኪሎ ሜትር በሆኑ ሣጥኖች ከፋፍሎ ያሰላል። ሆኖም ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳሳየው፣ መነሻው ላይ ያለች ትንሽ ስሕተት እያደገች ትሄዳለች። አንድ ነጎድጓድ በየት እንደሚወርድ ከሰዓታት ቀድሞ መናገር የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ታዲያ መነሻው የሚለካው በማን ነው? በየሸንተረሩ በሚተከል የዝናብ መለኪያና ቁጥሩን በየቀኑ በሚመዘግብ ሰው ነው።

ነገሩ ለግራና የቅንጦት አይደለም። የሚያዝያው ዝናብ ከቀረ ገበሬው ማሽላውን ትቶ ሐምሌን ለጤፍ ይጠብቃል፤ ዘር የመክሰርና ያለመክሰር ጉዳይ ነው። እዚያው ሀብሩ ውስጥ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ድርቅ የሚችል ዘር ሲያወጣ፣ ዘሩ የሚጠብቀው ደመና ግን በራሱ አገር ተለክቶ ካልታወቀ ሥራው ግማሽ ይሆናል። አብራሪው መልስ አግኝቷል፤ የባሕር ማዶው ሰውም አግኝቷል። የሚቀረው ባለማሳው ነው።