የተማሪ ጀመዓና ክበብ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ለወልዲያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ተማሪዎች

የትምህርት ዘመን በተጀመረ ቁጥር የጀመዓ አሚሮችና የበጎ አድራጎት ክበብ ሰብሳቢዎች የሚያነሡት ጥያቄ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ «ገንዘብ ከየት እናምጣ?» በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢም፣ በመርሳው ካምፓስም፣ በወልዲያ መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ያለ ተማሪ ይህን ያውቀዋል። የታመመ ተማሪ ወደ ቤተሰቡ የሚሄድበት የመኪና ሒሳብ፣ የእህቶች ሞዴስና ሳሙና፣ የፎቶ ኮፒና የደብተር ወጪ ቀን ቆጥረው አይመጡም።

በአካባቢያችን ችግሩ የባሰበት ምክንያት አለው። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልዲያ ደርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከተማዋም መርሳም ብዙ ነገር አጥተዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተዘርፏል፣ ወድሟልም። ከዚያ በኋላ ልጁን ግቢ የላከ ነጋዴና ገበሬ እንደ ድሮው በየወሩ የኪስ ገንዘብ የሚልክ አልሆነም። በሀብሩ ወረዳ ጃራ መጠለያ ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ሰፍረዋል። ስለዚህ የተማሪ ጀመዓ እጁ ከራሱ አባላት አልፎ እንዲዘረጋ ይጠበቅበታል።

በማን ስም ይሰበሰብ?

ከገንዘቡ በፊት መልስ የሚፈልገው ይህ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንደሚሰጥ ደንግጓል። ስለዚህ በመንግሥት ግቢ ውስጥ በሃይማኖት ስም ሳጥን ይዞ መዞር ለጀመዓውም ለተማሪውም ጣጣ ያመጣል። ሁለት ንጹሕ መንገዶች አሉ። አንደኛው በተማሪዎች ዲን በኩል የታወቀና ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የሚረዳ የበጎ አድራጎት ክበብ ነው። ሁለተኛው ከግቢ ውጭ፣ በመስጂድ ኮሚቴና በወረዳው ወይም በከተማው መጅሊስ ዕውቅና የሚሠራ ጀመዓ ነው። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ስላገኘ፣ ከሥሩ ባለው መጅሊስ የተጻፈ ደብዳቤ ባንክም ነጋዴም ዘንድ ክብደት አለው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን፣ ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም፤ ስለዚህ «ድርጅት ሆነን እንመዝገብ» ብላችሁ አዲስ አበባ ከመመላለሳችሁ በፊት የመስጂዱን ኢማም አማክሩ። ሁለቱን መንገዶች መቀላቀል ግን አይገባም። ለክበቡ የተሰጠ ብር ለጀመዓ ደርስ፣ ለጀመዓ የተሰጠው ደግሞ ለክበቡ ቲሸርት ከዋለ እምነት በአንድ ቀን ይጠፋል።

ከራስ መጀመር

ወሎዬ ቅሬን ያውቃል። ጎረቤት ሲሞት ድንኳኑንና ሣህኑን የሚያመጣው፣ ቀብር የሚቆፍረው፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይል የሚያገናኘው ይህ ማኅበር የቆመው በትልቅ ሰው ስጦታ አይደለም፤ በትንሽ ግን በማይቀር መዋጮ ነው። ጀመዓም እንደዚሁ ነው። 120 አባላት በወር 20 ብር ቢያዋጡ በዘጠኝ ወር 21,600 ብር ይሆናል። በተግባር ግማሹ ብቻ ይከፍላል ብላችሁ አቅዱ፤ 10,800 ብር። ይህ ለድንገተኛ ወጪ መነሻ ይሆናል። የማይችል ተማሪ ያለመክፈል መብቱ በጓዳ ይጠበቅለት፤ ስም እየጠሩ «ያልከፈሉ» ብሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አላህ የሸፈነውን መግለጥ ነው። በማስተማር ዘመናችን መዋጮ አጥቶ ከጀመዓው ራሱን ያራቀ ተማሪ አይተናል፤ የመጣው ሊረዳ ነበር፣ እኛም ልንረዳው።

ከአባል መዋጮ ቀጥሎ የሚመጣው ጉልበትና ዕውቀት መሸጥ ነው። አቡ ዳውድና ኢብን ማጃህ የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ፤ በሰነዱ ላይ ሊቃውንት ቢነጋገሩም ትምህርቱ ለተማሪ የተሰፋ ይመስላል። አንድ አንሷሪ ሊለምን ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለው ጠየቁት። ያለው አንድ ልብስና አንድ መጠጫ ብቻ ነበር። አስመጥተው ለተሰበሰበው ሰው አቀረቡት፤ አንዱ አንድ ዲርሃም አለ፣ «ማን ይጨምራል?» ሲሉ ሌላው ሁለት ሰጠ። በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሁለተኛው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት፤ እንጨት እየቆረጠ ሸጦ አሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ።

የእናንተ መጥረቢያ ምንድን ነው? ለመምህራን ኮሌጅ ተማሪ የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ነው፤ የስምንተኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ያለው ወላጅ ሒሳብና እንግሊዝኛ ለሚያስጠና ሰው በደስታ ይከፍላል። ለኮምፒውተር ተማሪ ጽሑፍ መተየብና የስልክ ጥገና ነው። ለመርሳ የግብርና ተማሪ ደግሞ ችግኝ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ።

የሀብሩ ቆላ ፍራፍሬ የሚወድ ምድር ነው። ፓፓያ መጋቢት መጨረሻ በፕላስቲክ ከረጢት ቢዘራ በሁለት ወር አካባቢ ለመተከል ይደርሳል፤ ክረምቱ ሲገባ ገበሬው የሚፈልግበት ጊዜ ነው። የፓፓያ ችግኝ ወንድ ይሁን ሴት አበባ እስኪያወጣ ስለማይታወቅ በአንድ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ተክሎ በኋላ ወንዶቹን መንቀል የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ገዢው አንድ ሳይሆን ሦስት ይወስዳል። ይህን ለገዢው በግልጽ ንገሩት፤ ሳይነገረው ወንድ የበቀለበት ገበሬ የከርሞ ደንበኛችሁ አይሆንም። የተዳቀለ ማንጎ ከዓመት በላይ ስለሚፈልግ ለሚመረቅ ተማሪ አይመችም፤ ቡናም ወራት ይወስዳል። ለስሌት ያህል ብቻ፦ 500 ችግኝ እያንዳንዱ 8 ብር ቢፈጅ ወጪው 4,000 ብር ነው። አንድ አምስተኛው ቢሞትና የቀረው 400 በ25 ብር ቢሸጥ 10,000 ብር ይገባል፤ ትርፉ 6,000 ነው። ዘሩን ግን ከታመነ ቦታ አምጡ። ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው ሀብሩ ውስጥ ነው፤ ምክር ለመጠየቅ የሚያስፈራ በር የለውም። ውኃ የሚያጠጣውን ሰው ከወዲሁ ለዩ። በፈተና ሳምንት ችግኝ የሚደርቀው ሁሉም «ሌላው ያጠጣል» ስለሚል ነው።

ቀይ ሽንኩርትና ማንጎ ከገበሬ ገዝቶ ወልዲያ መሸጥ ግን አንመክርም። በአንድ ቀን ዋጋው ይወድቃል፣ ይበሰብሳል፣ ከነባር ነጋዴ ጋርም ያጋጫል። በጀመዓ ገንዘብ አይሞከርም።

ረመዷን አሁን በየካቲት አካባቢ ይውላል፤ በየዓመቱም አሥር አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ እየሄደ ወደ ጥር ይጠጋል። ስለዚህ የሳምቡሳ ሽያጭ ከአንደኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና ጋር የሚጋጭባቸው ዓመታት እየመጡ ነው። ሳምቡሳውን ከመስጂድ በር ይልቅ ለቤተሰብና ለሱቅ በትእዛዝ ማዘጋጀት ይሻላል፤ በትእዛዝ የተሠራ አይተርፍም። ለጾመኛ ተማሪ የሚቀርበው የኢፍጧር ምግብ ለብቻው በሰደቃ ይያዝ፤ ገቢ ማግኛ አይሁን።

ቶምቦላ፣ ጨረታና ኳስ

የሚያሳዝነው አንዳንድ ጀመዓ የሚቀናው ነገር ቶምቦላ መሆኑ ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ዕጣ ይገዛል፣ አንዱ ስልክ ያገኛል፣ የቀረው ባዶውን ይቀራል። ዓላማው ኸይር ቢሆንም አሠራሩ በሱረቱል ማኢዳህ 90ኛ አንቀጽ የተከለከለው መይሲር ነው፤ ለየቲም ቢውል እንኳ አይነጻም። ምትኩ ሩቅ አይደለም፤ ከላይ ባነሣነው ሐዲስ ውስጥ ያለው ጨረታ ነው። አንድ ሙክት፣ አንድ የማር እንስራ ወይም በጥሩ እጅ የተጻፈ ግድግዳ ጌጥ ለጨረታ ቢቀርብ ነጋዴው ከዋጋው በላይ ጨምሮ ይገዛል፤ ዕቃውንም አጅሩንም ይዞ ይሄዳል። ራሱ ሊገዛ ሳይፈልግ ዋጋ ለማስወጣት ብቻ የሚጨምር ሰው በመሀል ማቆም ግን ነጅሽ ይባላል፤ ረሱል ከልክለውታል። መድረክ መሪዎች ይህን ስለማያውቁ አስቀድሞ ይነገራቸው።

ወልዲያ በሼህ ሙሐመድ አላሙዲ ስም የተሠራው ትልቅ ስታዲየም ስላላት የኳስ ፍቅሯ ከፍ ያለ ነው፤ የዶርም ቡድኖች ውድድር ማዘጋጀት ሁሉም ያስባል። ጥንቃቄው ሽልማቱ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቡድን ከፍሎ አሸናፊው የተዋጣውን ጠቅልሎ ከወሰደ ቁማር ሆነ። መመዝገቢያው ለኳስ፣ ለዳኛና ለውኃ ይዋል፤ ሽልማቱ ከማይጫወት ነጋዴ ይምጣ። ገቢው ከሻይና ከውኃ ሽያጭ ይገኛል።

የዒድ ቆዳ

የዒደል አድሓ የኡድሒያ ቆዳ መሰብሰብ በየከተማው የታወቀ ነው። ሁለት ነገር ልብ ይባል። አንደኛው ፊቅሁ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ አራጁም ሆነ ወኪሉ ቆዳውን አይሸጥም፤ ለድሃ ይሰጠዋል፣ ድሃው ከፈለገ ይሸጠዋል። በሐነፊይ መዝሀብ ዋጋው ሰደቃ ከተደረገ መሸጡ ይፈቀዳል። ወሎ ውስጥ ሁለቱም መዝሀብ ስላለ «ቆዳውን ሸጠን ለችግረኛ ተማሪ እናውላለን» ብላችሁ ስትቀበሉ ሰውየው የትኛውን እንደሚከተል፣ የቀዬው ሼህም ምን እንደሚሉ መጠየቅ አድባችሁ ነው። ሁለተኛው ንግዱ ነው፤ የቆዳ ዋጋ እንደ ድሮው አይደለም፣ በዚያው ቀን ጨው ካልተነሰነሰበት ደግሞ የሚገዛው የለም። የሚረከበውን ነጋዴ ሳይዙ መሰብሰብ ሽታ መሰብሰብ ነው።

ዘካ የብቻው ነው

ዘካ የሚውልባቸው ስምንት ወገኖች በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ ተለይተዋል። የጀመዓ ባነር፣ የምረቃ ድግስ፣ የድምፅ ማጉያ ኪራይ በዚያ ውስጥ የሉም። ችግረኛ ተማሪ ግን በድህነቱ ይገባበታል፤ ጀመዓውም የሰጪው ወኪል ሆኖ ማድረስ ይችላል። ለዚህ ሌላ ደብተር፣ ቢቻል ሌላ ሒሳብ ይከፈት። ዘካተል ፊጥርም ከዒድ ሶላት በፊት ለባለቤቱ መድረስ አለበት፤ «ለከርሞ እናስቀምጠው» አይባልም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በየጁ ምድር የሚገኘው ዳና፣ የሼህ አሕመድ ኢብን አደም ማዕከል፣ ከሩቅ የመጡ ደረሶችን ሲያስተምር የኖረው በሕዝብ እህልና ከብት ነው። ደረሳ መመገብ የወሎ ገበሬ የኸይር ልማድ ነበር። ስለዚህ ወደ ገጠር ስትወርዱ ብር ብቻ አትጠይቁ። አንድ ቁና ማሽላ የሚሰጥ ገበሬ መቶ ብር በእጁ ላይኖረው ይችላል።

የተመረቁትና በስደት ያሉት

ከሀብሩና ከወልዲያ ሳዑዲ ያልሄደ ሰው የሌለበት ቀበሌ ማግኘት ይቸግራል። እነዚህ ወንድሞችና እህቶች የተማሪን ችግር ለማቃለል ይሽቀዳደማሉ፤ የሚያስቀራቸው ገንዘቡ የት እንደገባ አለማወቅ ነው። «እርዱን» ከሚል የድምፅ መልእክት ይልቅ «የአምስት ተማሪ የአንድ መንፈቅ ዓመት ፎቶ ኮፒ ይህን ያህል ይፈጃል» የሚል አጭር ጽሑፍ ይሠራል። የተረጂውን ፊት ፎቶ አንሥቶ መላክ ግን ነውር ነው፤ ደረሰኝ ይበቃል። ገንዘቡ በባንክ ይምጣ። በጥቁር ገበያ የመጣ ብር የጀመዓውን ስም ይዞ ይጠፋል።

ሒሳቡ ከወለድ ነፃ ይሁን፤ ሲቢኢ ኑር፣ ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች አሉ። ቴሌብር ለትናንሽ መዋጮ ቀላል ነው፤ ሆኖም በአንድ ልጅ የግል ስልክ አይሰብሰብ። ከነሐሴ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ስለነበር የስልክ መዝገብ ብቻ ይዞ መቀመጥ ዋስትና የለውም። ቁጥር ያለው የካርቦን ደረሰኝ፣ የተጠረዘ መዝገብ ያስፈልጋል። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ብድር መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑን የጀመዓ ገንዘብ ያዥ ቢያስታውሰው ጥሩ ነው።

ከሒሳቡ ገንዘብ ለማውጣት ሦስት ፈራሚዎች ይኑሩ፣ ሁለቱ ሲፈርሙ ይውጣ፤ ከሦስቱ አንዷ እህት ትሁን፣ አንዱም የማይመረቅ የከተማው ነዋሪ ይሁን። አሚሩ በሰኔ ሲመረቅ ፊርማው ሳይለወጥ ወደ አገሩ ሄዶ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ የታሰረበት ጀመዓ ብዙ ነው። የፈራሚ ለውጥ ደብዳቤ ከመጅሊስ ወይም ከመስጂድ ኮሚቴው የሚጻፈው፣ መዝገቡም ቆጠራ ተደርጎበት ለአዲሱ ሹራ የሚተላለፈው ከምረቃው አንድ ወር አስቀድሞ፣ ግንቦት ላይ ይሁን።